አረንጓዴው ይወድቃል፣ ቀዩ ይመለሳል

ኩፓ ትሩፓ በማሪዮ ጌሞች ውስጥ የሚኖር፣ ጀርባው ላይ ቅርፊት የተሸከመ ኤሊ መሰል ጠላት ነው። ኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ብሮስን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1985 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ከዋና ዋናዎቹ የማሪዮ ጌሞች እምብዛም ጠፍቶ አያውቅም። በታሪኩ ውስጥ ማዕረጉ ተራ ወታደር ነው፤ የሚያገለግለውም ልዕልቲቱን የሚጠልፈውን፣ እሳት የሚተፋውን የኤሊዎች ንጉሥ ባውዘርን ነው። ይሁንና ኩፓ የጠለፋው ጉዳይ የገባው አይመስልም። ማሪዮን አያሳድድም፣ አይተኩስም፣ አያደባም። መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ማሪዮ መንገዱ ላይ ከተገኘ ይገጨዋል። የሚያውቀው ጥቃት ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ተራ ፍጡር አርባ ዓመት ሳይሰለች የቆየው ከምንም በላይ ሲሸነፍ ስለማይጠፋ ነው። ሌላው ጠላት ተረግጦ ከስክሪኑ ሲወጣ ኩፓ ቅርፊቱን ትቶ ይሄዳል፤ ቅርፊቱ መሣሪያም ወጥመድም ነው። ዝርያዎቹም የተባዙት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። አዲሱ ዝርያ ከቀድሞው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በአንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ያ አንድ ነገር ደግሞ ተጫዋቹ ለምዶ የተማመነበት ሕግ ሆኖ ይገኛል።

ተጫዋቾች 1-1 የሚሉት የመጀመሪያው ሌቭል 16 ጉምባና አንድ ብቸኛ ኩፓ አለው። ጉምባ ቡናማ፣ እንጉዳይ የሚመስል፣ ፊቱን ያኮሳተረ ትንሽ ፍጡር ነው፤ ሲረግጡት ተጨፍልቆ ይጠፋል። ተጫዋቹ ወደ ሌቭሉ እኩሌታ ሲቃረብ ይህን ለምዶታል፤ ይዘላል፣ ይረግጣል፣ ያልፋል። ያኔ ከቀኝ በኩል አረንጓዴው ኤሊ ብቅ ይላል። ቁመቱ ከጉምባ ይበልጣል፣ አረማመዱ ግን ያው ነው። ተጫዋቹ እንደለመደው ዘልሎ ይረግጠዋል። ኤሊው ራሱንና እግሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ቅርፊት ብቻ ይሆንና እዚያው መሬት ላይ ይቀራል።

ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው እዚህ ጋ ለአፍታ መቆሙ የተለመደ ነው። ከዚያ ቅርፊቱን ይነካዋል። ቅርፊቱ ተፈትልኮ ይሄዳል፣ ፊቱ ያገኘውን ጉምባ ሁሉ እየመታ ይጥላል፣ ነጥቡም በእያንዳንዱ ግጭት ያድጋል። 500፣ 800፣ 1000፣ 2000፣ 4000፣ 5000፣ 8000፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ነፍስ። ቅርፊቱ ቧንቧ ወይም የድንጋይ ደረጃ ሲያገኝ ግን በሄደበት ፍጥነት ይመለሳል፤ በደስታ ከኋላው ሲሮጥ የነበረውን ማሪዮንም ይገድለዋል። ሳይነኩት ቢተዉትም ነገሩ አላለቀም። ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ እግሮቹ ከቅርፊቱ ሥር ብቅ ብለው ይንፈራገጣሉ፤ ኩፓውም ምንም እንዳልደረሰበት ተነስቶ ጉዞውን ይቀጥላል። አንድ ጠላት በዚህ መንገድ አራት ጊዜ ይለዋወጣል፤ ሲራመድ፣ ሲቆም፣ ሲንሸራተትና ሲነቃ። ለእያንዳንዱ የሚስማማው የተጫዋቹ ምላሽም የተለያየ ነው።

የኩፓ አባት የተወለደው ከሱፐር ማሪዮ ብሮስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። በ1983 የወጣው ማሪዮ ብሮስ፣ ገና ሱፐር የሚለው ስም ያልተጨመረበት፣ ሳንቲም ተጨምሮበት የሚሠራ የመጫወቻ አዳራሽ ጌም ነበር። ሠሪዎቹ ሺገሩ ሚያሞቶና ጉንፔ ዮኮይ ነበሩ። ማሪዮና ወንድሙ ሉዊጂ ከላይ ካሉት ቧንቧዎች እየወጡ ፎቅ በፎቅ የሚወርዱ እንስሳትን ያጸዳሉ። ማጥቂያው ደግሞ ከታች ነው፤ እንስሳው የቆመበትን ወለል ዘልለው ሲመቱት ይገለበጣል፣ ከዚያ ወጥተው በእግር ይጠልዙታል። ሚያሞቶ ከያኔው የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ እንደተረከው፣ የተፈለገው ከታች ሲመታ በጀርባው የሚወድቅ፣ ለጊዜው አቅም የሚያጣ፣ ቆይቶ ግን ራሱን ችሎ የሚነሳ ፍጡር ነበር። ሕጉ ቀድሞ ተወለደ፣ እንስሳው ተከትሎ ተፈለገ፤ ለሕጉ ከኤሊ የተሻለ አልተገኘም።

ሼልክሪፐር የተባለው ይህ ኤሊ ሁለት ነገር ለልጁ አውርሷል። አንደኛው መነሳት ነው። ሌላው የቀለም ነገር ነው፤ ተገልብጦ ችላ የተባለ ሼልክሪፐር ሲነሳ ቀለሙ ተለውጦ ፍጥነቱም ጨምሮ ይመጣል። ቀለም የጠባይ ምልክት መሆን የጀመረው እዚህ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነበር፤ በ1983ቱ ጌም ኤሊው ላይ የዘለለ ማሪዮ ይሞታል። ሰው ኤሊ ሲያይ ጀርባው ላይ መውጣት ይቃጣዋል፣ ጌሙ ደግሞ ለዚህ ይቀጣዋል። ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ሕጉን ገለበጠው። ማሪዮ ረጃጅም ሜዳዎችን እየሮጠ የሚያቋርጥ ስለሆነ ወለሉን ከታች እየመታ አይዘልቅም፤ ከላይ መርገጥ ዋናው መሣሪያ ሆነ።

በጌሙ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ጉምባ መሆኑ የልደት ቅደም ተከተሉን ያሳስታል። ጉምባ የመጣው ሥራው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ተጫዋቹ ኩፓን ቀድሞ እንዲያገኝ ነበር፤ በሙከራ ጊዜ ግን መርገጥን ገና ያልተማረ ሰው ቅርፊትን፣ ግጭትንና መመለስን በአንድ ጊዜ መማር እንደሚከብደው ታየ። ስለዚህ ተረግጦ ከመጥፋት በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ ቀለል ያለ ጠላት አስፈለገ። ቦታው ግን አልቆ ነበር። ለጉምባ የተረፈው የአንድ ስዕል ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ያችኑ ስዕል ማሽኑ ቀኝና ግራዋን እየገለበጠ እንዲያሳያት ተደረገ፤ ጉምባ ሲራመድ የሚወዛወዝ የሚመስለው ለዚህ ነው። በጌሙ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ጠላት መለያ ቁጥር አለው። የአረንጓዴው ኩፓ ቁጥር ዜሮ ነው፣ የጉምባ ስድስት።

ቦታ አልቆ ነበር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። ጌሙ የተጫነበት የፋሚኮም (የኒንቴንዶ የቤት ጌም ማሽን) ካርትሪጅ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ይይዛል፤ 32ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለስዕሎቹ። ከስዕሎቹ ግማሹ ለሰማይ፣ ለጡብና ለቧንቧ ይሄዳል። ለሚንቀሳቀሱት ሁሉ፣ ለማሪዮ፣ ለጠላቶች፣ ለእንጉዳይና ለእሳት፣ የሚቀረው 8 በ8 ፒክስል የሆኑ 256 ትናንሽ ቁራጮች ነው። አንድ ኩፓ በአንድ አቋሙ ብቻ ስድስት ቁራጭ ይፈጃል፤ ወደ ጎን ሁለት፣ ወደ ላይ ሦስት። ሲራመድ እግሩ ተለዋወጠ ለማለት ሌላ ስዕል ይጠይቃል፣ ቅርፊቱም የራሱን። በዚህ ሁኔታ አዲስ ጠላት መሳል ቅንጦት ነው።

ቀለም ግን ርካሽ ነው። ማሽኑ ስዕሉንና ቀለሙን ለየብቻ ያስቀምጣል። ስዕሉ የሚለው ይህ ፒክስል አንደኛው ቀለም፣ ያኛው ሁለተኛው፣ ሌላኛው ሦስተኛው ይሁን ብቻ ነው፤ የትኛው ቀለም አረንጓዴ ወይም ቀይ እንደሆነ የሚወሰነው ከአራት የቀለም መደቦች አንዱን በመምረጥ ነው። ያው ኤሊ መደቡ ሲቀየርለት ቀይ ይሆናል፣ አንድም ተጨማሪ ቁራጭ ሳይፈጅ። በዚህ ምክንያት አረንጓዴው ኩፓ መሬት ሥር ባሉት ሌቭሎች ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ እዚያ የተለወጠው የሌቭሉ መደብ እንጂ ኤሊው አይደለም። ሰማይ ላይ ያሉት ደመናዎችና መሬት ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎች አንድ ስዕል መሆናቸውም የዚሁ ቁጠባ ውጤት ነው።

የቀዩ ጠባይ ልዩነት ከዚህም ይረክሳል። አረንጓዴው ኩፓ መሬቱ ባለቀበት ቦታ ሳያመነታ ወደ ገደል ይገባል። ቀዩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። በፕሮግራሙ ውስጥ ይህን የሚለየው የጠላቱ ቁጥር የቀዩ ቁጥር ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አጭር ትእዛዝ ነው፤ ከሆነ፣ ደግሞም በመራመድ ላይ ካለ፣ አቅጣጫው ይገለበጣል። ጥቂት ባይት ብቻ።

ከእነዚያ ጥቂት ባይቶች የተገኘው ግን ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አረንጓዴው ጎርፍ ነው፤ ከከፍታ ላይ ከተለቀቀ ደረጃ በደረጃ እየወደቀ ወደ ማሪዮ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ካገኘ ደግሞ ያለ ምንም ድካም ራሱን ያጠፋል። ትዕግሥት ያለው ተጫዋች ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። ቀዩን መጠበቅ ዋጋ የለውም። ጠባብ ወለል ላይ የተቀመጠ ቀይ ኩፓ ያንን ወለል እስከ መጨረሻው ይጠብቀዋል፣ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ፤ ማሪዮም የሚያርፍበትን ቅጽበት መለካት አለበት። የሌቭል ሠሪው ሁለቱን ቀለሞች የሚያስቀምጥበት ቦታ በዚህ ይለያያል። ወለሉ ሰፊና ተከታታይ በሆነበት አረንጓዴ፣ ወለሉ ተቆራርጦ በአየር ላይ በተንጠለጠለበት ቀይ። ተጫዋቹም የትም ሳይጻፍለት ከጥቂት ሞት በኋላ ይህን ከቀለሙ ያነባል።

ፍጥነቱም የተሰላ ነው። ማሽኑ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ያድሳል፤ ኩፓ በእያንዳንዱ እድሳት ግማሽ ፒክስል ይራመዳል፣ በሰከንድ 30 ማለት ነው። የስክሪኑ ስፋት 256 ፒክስል ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ከ8 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ማሪዮ በሙሉ ሩጫ በሰከንድ 150 ፒክስል ገደማ ይሄዳል። የተመታ ቅርፊት ደግሞ 180። ቅርፊቱን የመታው ሰው ሊደርስበት አይችልም፤ ቅርፊቱ ከተመለሰ ግን የሁለቱ ፍጥነት ተደምሮ ስለሚመጣ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ከቀርፋፋዎቹ ጠላቶች አንዱ በአንድ ንክኪ ከማሪዮ የሚፈጥን ነገር ይሆናል።

ሦስተኛው ልዩነት ክንፍ ነው። ፓራትሩፓ የሚባለው ኩፓ ሁለት ትናንሽ ነጭ ክንፎች አሉት። አረንጓዴው ፓራትሩፓ እየነጠረ ወደ ማሪዮ ይመጣል፤ ቀዩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። አረንጓዴው ወደፊት እንደሚገፋ፣ ቀዩ ቦታውን እንደሚጠብቅ ልብ ይሏል፤ ጠባዩ መሬት ላይ ካለው ጋር ይዛመዳል። በ1-3፣ ረጃጅም ዛፎች የሚመስሉ ወለሎች በተደረደሩበት ሌቭል፣ ቀዮቹ ክንፋሞች በገደሎቹ መካከል ይወጣሉ ይወርዳሉ። ደፋር ተጫዋች እነሱኑ ረግጦ እንደ መሻገሪያ ይጠቀምባቸዋል።

የክንፉ ብልሃት ሲረገጥ ይታያል። ፓራትሩፓ ሲረገጥ ክንፉን ብቻ ያጣል፤ ወርዶ ተራ ኩፓ ይሆናል፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቀዩ ቀይ። ሁለተኛ ሲረገጥ ቅርፊት፣ ሲነካ ተንሸራታች። አንድ ዝርያ በሌላው ላይ ተደርቧል፤ ማሪዮም ከላይ ወደ ታች እየገፈፈ ይሄዳል። ተጫዋቹ አዲስ ጠላት ሲያጋጥመው አዲስ ነገር የሚማረው ለመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ኤሊ ይጠብቀዋል።

በ3-1 መጨረሻ ላይ ያለው ደረጃ የኩፓን ስም ከጌሙ ውጭ ያስጠራ ቦታ ነው። ሁለት አረንጓዴ ኩፓዎች ደረጃውን ወደ ማሪዮ ይወርዳሉ። ማሪዮ ሁለተኛውን ደረጃ ላይ እንዳለ ረግጦ ቅርፊቱን በትክክለኛው ቅጽበት ከመታው፣ ቅርፊቱ ከደረጃው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመልሶ እግሩ ሥር ይገባል፤ ማሪዮ እንደገና ይረግጠዋል፣ እንደገና ይነጥራል። መሬት ሳይነካ የረገጠው በበዛ ቁጥር ነጥቡ ያድጋል፣ በኋላም እያንዳንዱ እርግጫ አንድ ነፍስ ያስገኛል። ሠሪዎቹ ይህ እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ ሰው ያንን ያህል ይካንበታል ብለው ግን አልጠበቁም። የነፍሱ ቁጥር አሥር ሲደርስ የመጀመሪያው አኃዝ በዘውድ ምልክት ይተካል። ስስትም ቅጣት አለው። የነፍሱ ቁጥር የተቀመጠበት አንድ ባይት ከ127 ሲያልፍ ማሽኑ ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ ማሪዮ አንድ ጊዜ ሲሞት ጌሙ ያበቃል።

የ1985ቱ ጌም የኤሊ ዘመዶችንም ይዟል፤ እነሱን ለመረዳት የሚቀለው ማሪዮ ካሉት መሣሪያዎች አንጻር ነው። ማሪዮ ይረግጣል፣ የእሳት አበባ ካገኘ ደግሞ እሳት ይወረውራል። ኩፓ ለሁለቱም ይሸነፋል። በዚ ቢትል፣ ጥቁር የራስ ቁር የመሰለ ቅርፊት ያለው ዝቅ ያለ ፍጡር፣ ሊረገጥ ይችላል፣ ቅርፊቱም ይንሸራተታል፤ እሳት ግን አይነካውም። ስፓይኒ ተቃራኒው ነው፤ ጀርባው እሾህ ስለሆነ የረገጠው ማሪዮ ይጎዳል፣ እሳት ግን ይገድለዋል። ስፓይኒዎቹን ከሰማይ የሚወረውራቸው ላኪቱ ነው፤ በደመና ላይ ተቀምጦ ከማሪዮ በላይ ያንዣብባል፤ ከታች ሆኖ ለማሰብ የሚቆምን ተጫዋች አይታገስም። ሀመር ብሮ የሚባሉት ደግሞ ጥንድ ሆነው የሚቆሙ መዶሻ ወርዋሪዎች ናቸው። ከዘመዶቹ ሁሉ ቀጥታ ጠላት የሚባሉት እነሱ ሲሆኑ፣ መዶሻው የሚበርበት ቅስት ደግሞ ከታች መሹለክንም ከላይ መዝለልንም አስጨናቂ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ጌሙን የሚተወው ወደ ማብቂያው፣ እነሱ በበዙበት ሌቭል ላይ ነው ቢባል አይገርምም።

ባውዘር ራሱ የዚህ ቤተሰብ ራስ ነው፤ ነገሩ ግን አስቂኝ ነው። ከ8ቱ ዓለማት በ7ቱ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ባውዘር ሐሰተኛ ነው። የቆመበትን ድልድይ በመጥረቢያ ቆርጠው ሲጥሉት ይህ አይታወቅም፤ በእሳት ሲገድሉት ግን እውነተኛ መልኩ ይገለጣል። የመጀመሪያው ጉምባ ነበር፣ የሁለተኛው ዓለም ተራ አረንጓዴ ኩፓ፣ ከዚያ በዚ ቢትል፣ ስፓይኒ፣ ላኪቱ፣ ብሉፐር የተባለው የባሕር ፍጡር፣ በሰባተኛው ሀመር ብሮ።

ጌሙን የጨረሰ ሰው እንደገና ሲጀምር ሁለተኛ ዙር ይከፈትለታል። ጉምባዎቹ ሁሉ በበዚ ቢትል ይተካሉ፣ ጠላቶቹ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናሉ፣ የተረገጠ ኩፓም ቶሎ ይነቃል። አንድም አዲስ ስዕል አልተጨመረም፤ የተለወጡት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው።

በ1988 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 3 ቅርፊቱን በእጅ እንዲያዝ አደረገ። ማሪዮ አንስቶ ይዞት ይሮጣል፣ በፈለገበት ቦታ ይለቀዋል፣ ጡብ ይሰብርበታል። መነሳቱ ግን አልተሻረም፤ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ኩፓ ማሪዮ እጅ ላይ እንዳለ ነቅቶ ይጎዳዋል። አራተኛው ዓለም ደግሞ ሁሉ ነገር የገዘፈበት ምድር ስለሆነ ግዙፍ ኩፓዎች አሉበት፤ ለዓይን ያስደስታሉ፣ ለጨዋታው ግን የጨመሩት ጥቂት ነው።

የዚያ ጌም እውነተኛ አዲስ ሐሳብ ድራይ ቦንስ ነው። አጥንት ብቻ የቀረ ኩፓ ነው፤ የሚኖረው በምሽጎች ውስጥ ነው። ሲረገጥ አጥንቱ ተፈረካክሶ መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ተሰባስቦ ይነሳል። እሳት አይነካውም። የሚመታም ቅርፊት አያስቀርም። ከኩፓ መሣሪያነቱ ተወስዶ መነሳቱ ብቻ ቀርቷል፤ ተጫዋቹም ከሦስት ዓመት ልምዱ ያገኘው ትልቁ ጥቅም ድንገት ይነጠቃል። ከዝርያዎቹ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አለ፤ የኩፓን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ድራይ ቦንስ ምን እንደጎደለው የሚገባው።

ሱፐር ማሪዮ ወርልድ በ1990 አዲስ ማሽን ይዞ መጣ፤ ሱፐር ፋሚኮም ከቀድሞው ብዙ ቀለም ስለነበረው ኩፓም አራት ቀለም ሆነ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። የሚበልጠው ለውጥ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሲረገጥ ወደ ቅርፊቱ አይገባም፤ ከቅርፊቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ልብሱን የተገፈፈ ኤሊ ተነስቶ ወደ ቅርፊቱ ይመለሳል፣ ካገኘው ይለብሰዋል። ጠላቱና መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ተለያዩ። ቢጫው ማሪዮን ተከትሎ ይሄዳል፤ ራቁቱን የቀረ ቢጫ ባዶ ቅርፊት ውስጥ ዘልሎ ከገባ ቅርፊቱ ቀለማት እያብለጨለጨ ማሪዮን ያሳድዳል፣ በመርገጥም አይገታም። ራቁቱን የቀረ ሰማያዊ ደግሞ የሚመጣበትን ቅርፊት ይዞ መልሶ ይመታዋል። ዮሺ የተባለው ዳይኖሰር የሚጎርሰው ቅርፊት ቀለም የሚሰጠውን ኃይል ይወስናል፤ ቀዩ ሦስት የእሳት ኳስ ያስተፋዋል፣ ሰማያዊው ያበርረዋል፣ ቢጫው ሲያርፍ መሬት እንዲያንቀጠቅጥ ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ለተራ ተጫዋች ይበዛል። የቀይና የአረንጓዴን ልዩነት ሕፃን ልጅ ይናገራል፤ የሰማያዊና የቀይ ኩፓ አካሄድ በምን እንደሚለይ ለመናገር ግን ጌሙን የጨረሱ ሰዎችም ይቸገራሉ። ኋላ የመጡት ጌሞች ለተራው ኩፓ በአብዛኛው ወደ ሁለቱ ቀለሞች መመለሳቸው ይህን ያረጋግጣል።

ቅርፊቱ ከባለቤቱ ተለይቶ የራሱን ኑሮ የጀመረው በ1992 በሱፐር ማሪዮ ካርት ነው። በመኪና እሽቅድምድሙ ላይ አረንጓዴው ቅርፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳ ሲያገኝ ይነጥራል፣ ማንን እንደሚመታ ግድ የለውም። ቀዩ ፊት ባለው ተወዳዳሪ ላይ ያነጣጥራል። ከሰባት ዓመት በፊት በጥቂት ባይት የተጻፈው የጠባይ ልዩነት፣ አንዱ የማያስብ ሌላው የሚያስተውል፣ እግርና ራስ በሌለው ነገር ላይ ሳይለወጥ ተገኘ። በ1996 የወጣው ማሪዮ ካርት 64 እሾሃማውን ሰማያዊ ቅርፊት ጨመረ፤ እሱ የሚፈልገው አንደኛ የሆነውን ነው። ኩፓ ራሱም በ1992ቱ ጌም ከስምንቱ ሹፌሮች አንዱ ነበር፤ ጠላት ሆኖ የተፈጠረ ኤሊ ተጫዋች የሚመርጠው ባለታሪክ ሆነ።

በዚያው በ1996 ሱፐር ማሪዮ 64 ዓለሙን ከመስመር ወደ ሜዳ ለወጠው፤ ይህ ለኩፓ አልተመቸም። ጠርዝ ላይ የሚመለስና የማይመለስ ኤሊ ትርጉም የሚኖረው መሄጃው አንድ መስመር ሲሆን ነው፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ማሪዮ ዞሮ ያልፈዋል። የተመታ ቅርፊትም በሦስት አቅጣጫ ስፋት ውስጥ ጠላትን የማግኘት ዕድሉ ይመነምናል። ስለዚህ ቅርፊቱ ማሪዮ ቆሞበት በሣር፣ በውሃና በእሳተ ገሞራ ቅልጥ ላይ የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ሆነ። ኩፓው ደግሞ ሯጭ ሆነ፤ ኩፓ ዘ ክዊክ የተባለው ማሪዮን እስከ አንድ ተራራ ጫፍ ለሩጫ ይጋብዘዋል፣ ከተሸነፈ ኮከብ ይሰጠዋል። ኤሊ ለሩጫ መጋበዙ የታወቀ ቀልድ ቢሆንም በጌሙ ውስጥ ያለችግር ተዋሕዷል። በ2013 የወጣው ሱፐር ማሪዮ 3ዲ ወርልድ ማሪዮን ቅርፊቱ ውስጥ አስገብቶ አንሸራተተው።

በ2000 የወጣው ፔፐር ማሪዮ ኩፓዎችን መንደር ሠርቶላቸዋል። እዚያ ቤት አላቸው፣ ወሬ ያወራሉ፣ ይፈራሉ። ኩፐር የተባለ ሰማያዊ ቅርፊት የለበሰ ወጣት፣ ኮሎራዶ የሚባለውን የኩፓ አርኪዮሎጂስት እያደነቀ የኖረ፣ የማሪዮ የጉዞ ጓደኛ ይሆናል። የውጊያ ችሎታው ወደ ቅርፊቱ ገብቶ መወርወር ነው፤ ድሮ ማሪዮ የሚያደርግበትን አሁን በፈቃዱ ያደርገዋል። በ2004 የተከተለው ጌምም ኩፕስ የተባለ ዓይን አፋር ኩፓ አለው። ጎን ለጎን ከባውዘር ጋር የሚሠሩት ኩፓዎች እንደበፊቱ ይረገጣሉ፤ ጌሞቹ ይህን ለማስታረቅ ብዙ አይደክሙም።

ኒው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ በ2006 ወደ ጎን የሚኬድበትን ጨዋታ ሲመልስ አንድ ትንሽ ነገር ጨመረ። በሙዚቃው ውስጥ አጭር የዜማ ድምፅ ሲገባ ኩፓዎቹ ለቅጽበት ቆመው ይወዛወዛሉ። ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚረገጥ ጠላት ግማሽ ሰከንድ ሲቆም ዝላዩ ከታሰበው ቦታ ውጭ ያርፋል፣ ስለዚህ ጆሮም መጫወት አለበት። በ2023 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ወንደር ደግሞ ጎማ ያለው ጫማ አጫምቶ ኩፓን አፍጥኖታል።

የዝርያዎቹን አሠራር ፍንትው አድርጎ ያሳየው የ2015ቱ ሱፐር ማሪዮ ሜከር ነው። ተጫዋቹ ራሱ ሌቭል የሚሠራበት ጌም ሲሆን፣ ኩፓን ይዞ ሲነቀንቀው አረንጓዴው ቀይ ይሆናል፤ እንደገና ሲነቀንቀው ይመለሳል። ክንፍ ቢጎትትበት ፓራትሩፓ፣ እንጉዳይ ቢያበላው ግዙፍ። ቧንቧ ውስጥ ቢከተው ሳያቋርጥ ይፈልቃል። ለ30 ዓመት በጌሙ ሠሪዎች ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሥራ በጣት የሚነካ ሆነ።

ተጫዋቾች ያንን መሣሪያ ከማግኘታቸው በፊትም ሱፐር ማሪዮ ወርልድን እየፈቱ የራሳቸውን እጅግ ከባድ ሌቭሎች ይሠሩ ነበር። የቅርፊት ዝላይ የሚባለው ጥበብ የተስፋፋው ከዚያ ነው። ማሪዮ ቅርፊት ይዞ ገደል ላይ ይዘላል፤ አየር ላይ እንዳለ ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ይወረውረዋል፣ ቅርፊቱ ነጥሮ ሲመለስ እግሩ ሥር ይገባል፣ ማሪዮም ረግጦት ሁለተኛ ይዘላል። የሚፈቀደው ስህተት በስክሪን እድሳት የሚቆጠር ነው። ትንሽ ቢዘገይ ቅርፊቱ ደረቱን ይመታዋል፣ ትንሽ ቢቸኩል ቅርፊቱ ሳይደርስለት ይወድቃል። የተካኑት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያደርጉታል። ኒንቴንዶ በዋና ጌሞቹ ውስጥ ማንንም ይህን አስገድዶ አያውቅም፤ የሚጠይቁት ሌቭሎች የተጫዋቾቹ ናቸው።